ከቤት ተነስቶ ለቢሮ የጾም በያይነቱ ማቅረብ፦ መጠን፣ እንጀራ፣ ዋጋ

የጉለሌዋ
ሰላም ለሁላችሁ። በምግብ ሙያ ኮሌጅ አልገባሁም፤ የምሠራውን ሁሉ የተማርኩት ማድ ቤት ውስጥ ነው። አሁን አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ሦስት ቢሮዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ለ30 ሰው የጾም በያይነቱ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። የማስበው ምስር፣ ሽሮ፣ ጥቅል ጎመን፣ ጎመንና ቀይ ሥር በድንች ነው። አራት ነገር እንድታግዙኝ ፈልጌ ነው። መጠኑን በምን ልለካ? እንጀራውን ልጋግር ወይስ ልግዛ? ዋጋውን እንዴት ልተምን? ምግቡ ከቤት ወጥቶ እስኪበላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ባለሚዛኑ
እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ሁለት ሚዛን ግዢ። አንዱ እስከ 30 ኪሎ የሚይዝ፣ ሌላው በግራም የሚለካ ትንሽ። ለስድስት ሰው በእጅ ልምድ ጣፍጦ የሚወጣ ወጥ ለ30 ሰው በአምስት ተባዝቶ አይወጣም። ሰፊ ብረት ድስት ላይ የሚተነው ውኃ፣ ሽንኩርቱ የሚወስደው ጊዜ፣ የበርበሬው ጉልበት ሁሉም ይለወጣል። እጅ ይህንን የሚለምደው ከብዙ ብልሽት በኋላ ነው፤ ሚዛንና ደብተር ካለ ግን በጥቂት ሳምንት ይታወቃል።

ለአንድ ሰው 400 ግራም ወጥ ያዢ። ምስር 100፣ ሽሮ 100፣ ጥቅል ጎመን 80፣ ጎመን 60፣ ቀይ ሥር በድንች 60። ከዚህ ወደ ኋላ ነው የሚሰላው። ምስሩን ብንወስድ 30 ሰው በ100 ግራም 3 ኪሎ የበሰለ ወጥ ነው። ለእሱ የሚገባው፦

ክክ ምስር 1 ኪሎ፣ የተላጠ ቀይ ሽንኩርት 1.2 ኪሎ፣ ዘይት ሩብ ሊትር፣ በርበሬ ከ100 እስከ 120 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት 60 ግራም፣ ዝንጅብል 20 ግራም፣ መጨረሻ ላይ መከለሻ 10 ግራም። ጨው በጥሬው አይሰላም፤ ከበሰለው ወጥ ክብደት 1 በመቶ ላይ ጀምሪ፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ 10 ግራም። ከዚያ በምላስሽ አስተካክይና የመጨረሻውን ቁጥር ጻፊ። ይህ መጠን ከ3.3 እስከ 3.5 ኪሎ ስለሚሰጥ ለጭልፋ ብክነትና ለሠራተኛ ምሳ ይተርፋል።

ብዙዎች የሚስቱት ድስቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ በጠባብና ረጅም ድስት ውስጥ ከተከመረ የራሱ ውኃ ውስጥ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ቁሌቱ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ በርበሬ ሲገባም ሽታው አይለቅም። ሽንኩርቱ ከድስቱ ሥር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይቆም ሰፊ ድስት ተጠቀሚ፣ ወይም በሁለት ክፈይው። መጀመሪያ ያለ ዘይት ውኃው እስኪመጠጥ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬውን በትንሽ በትንሹ የሞቀ ውኃ ጠብ እያደረግሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ። ዘይቱ ቀልቶ ወደ ዳር ሲወጣ በርበሬው በስሏል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የእያንዳንዱን ድስት የባዶ ክብደት እጀታው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፊበት። ወጡ ሲወጣ ድስቱን እንዳለ ትመዝኚና ቀንሰሽ ምርትሽን ታውቂያለሽ። ሳይገለበጥ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በአሥር ሰከንድ።

እማማ ምጣድ
ልጄ፣ እንጀራውን መጀመሪያ ግዢ። ምክንያቱ ሙያ አይደለም፣ ሰዓት ነው። ለ30 ሰው በነፍስ ወከፍ አንድ ተኩል ብትይ 45 እንጀራ ነው። በአንድ ምጣድ አንዱ እንጀራ ከማሰሻው እስከ ማውጫው 4 ደቂቃ ቢፈጅ ሦስት ሰዓት ምጣድ ሥር ተቀምጠሻል። በዚያ ሰዓት ወጡን ማን ይሠራል? ከአንድ ጋጋሪ ጋር ተስማሚና ሦስት ነገር አስቀድመሽ ቁረጪ፦ የአንዱን ክብደት፣ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ወይም ምን እንደተቀላቀለበት፣ የመረከቢያውን ሰዓት። ስትረከቢ ከየመካከሉ አምስት አውጥተሽ መዝኚ። ከላይ ያለውን ብቻ አትዪ።

ሥራው ሲጸና ልጋግር ካልሽ ግን እንዲህ ነው። ለ45 እንጀራ 10 ኪሎ ዱቄት ያዢ፤ ባለ 60 ሳንቲ ምጣድ ላይ ከአንድ ኪሎ አራት ወይም አምስት ይወጣል። 12 ሊትር ያህል ውኃና አንድ ሊትር ተኩል እርሾ ይገባበታል። እጅ ላይ ጓል እስኪጠፋ ይቦካና ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ላዩ ላይ ያቀረረው ቢጫ ውኃ ይደፋል፤ ለሚቀጥለው ቡኮ የሚሆነው እርሾ ከዚያው ይቀራል። ከዚያ አብሲት። ከሊጡ ሁለት ሊትር ያህል ወስደሽ አምስት ሊትር የፈላ ውኃ ላይ እያማሰልሽ ትጥያለሽ፤ ወፍሮ ገንፎ ቢጤ ሲሆን ይወርድና እጅ እስኪችለው፣ ማለትም 45 ዲግሪ ገደማ፣ ይበርዳል። እሱን መልሰሽ ሊጡ ላይ ታማስያለሽ። ኩፍ እስኪል ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይጠበቃል፤ በጉም ቀን ይዘገያል።

በየቀኑ ልትጋግሪ ሦስት ቡሃቃ ያስፈልግሻል፤ አንዱ የዛሬ፣ አንዱ የነገ፣ አንዱ የተነገ ወዲያ። ባንድ ቡሃቃ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ቀን ሊጡ ሳይደርስ ይጋግርና አፋራም እንጀራ ያወጣል።

እንጀራ ዓይን አላወጣ ካለ በተራ እዪው። ምጣዱ በደንብ አልጋለም? ሊጡ ወፈረ? አብሲቱ አነሰ? አብሲቱ እንደተቃጠለ ገብቶ ሊጡን ገደለው? አብዛኛው ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከምጣድ አልለቅ ካለ ማሟሸቱ ጎድሏል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይዘሽ ምጣዱ ጥቁርና ልስልስ እስኪል ደጋግመሽ አሽው። ዳሩ ከደረቀና ከተሰነጠቀ አክንባሎው እንፋሎት ያሾልካል ወይም አቆይተሻል። ሻጋታ ሳይውል ሳያድር ከመጣ ደግሞ በትኩሱ ደራርበሽዋል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪበርድ ነው ወደ መሶብ የሚገባው።

ሽሮ ፈላ
አምስት ዓይነት ወጥ ለአንድ ሰው ማድ ቤት ይበዛል ባይ ነኝ። ሽሮ፣ ምስርና አንድ አትክልት ሆኖ አትክልቱ በየቀኑ ቢቀያየር ይበቃል። ዓይነት በበዛ ቁጥር ድስት፣ ምድጃና መክተፊያ ይበዛል፤ ብክነቱም እንዲሁ። ጥሩ ሽሮ ብቻ ይዞ ስም ያተረፈ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል።

ስለ ሽሮው፦ ለ3 ኪሎ የበሰለ ሽሮ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዱቄት፣ 2.4 ሊትር ያህል ውኃ፣ 400 ግራም ሽንኩርትና 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። ዱቄቱን የሚፈላ ውኃ ላይ በቀጥታ አትበትኚ፤ ይጓጉላል። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ ቁሌቱ ላይ ጨምሪ፣ ከዚያ ቢያንስ 25 ደቂቃ በለስላሳ እሳት ይንተክተክ። ሽሮ ሲቀመጥ ይወፍራል። ቤት ውስጥ ልክ የሆነው ቢሮ ሲደርስ በማንኪያ የሚቆረጥ ይሆናል። ስለዚህ ከምትወጂው ቀጠን አድርገሽ አውጪው። ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንዴት እንደሚሆን ውል ከመግባትሽ በፊት አንድ ቀን ዘግተሽ አስቀምጠሽ ሞክሪው።

ባለሚዛኑ
ሽሮ ፈላ፣ በድስቱ ብዛት እስማማለሁ፤ ግን ደንበኛው የጠየቀው በያይነቱ ነው። ሦስት ዓይነት ብቻ ያለውን ሰው በያይነቱ አይለውም። መካከለኛ መንገድ አለ። ቀይ ሥር በድንች ቀዝቅዞ የሚበላ ነው፤ ማታ ተቀቅሎ ፍሪጅ ሊያድር ይችላል። ጎመኑም ማታ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተከትፎ ይደር። ጠዋት እሳት ላይ የሚወጣው እንግዲህ አራት ድስት ብቻ ነው። ከ11 ሰዓት ንጋት ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት በደንብ ይደረሳል።

ጎመን ሲገዛ ግንዱ ሲወጣ ሲሶው ይሄዳል። ጥቅል ጎመን ከውጭው ቅጠልና ከልቡ አንድ አምስተኛ ያህል ይጣላል። ቀይ ሽንኩርት ከልጣጩ አንድ አሥረኛ። የገበያ ዝርዝርሽ ላይ እነዚህን ካልጨመርሽ ረቡዕ ላይ ምሳው ያጥራል።

ሒሳብ ያዥ
ዋጋ በሰፈሩ ምሳ ቤት ሜኑ አይተመንም። የእነሱ ወጪ የአንቺ አይደለም። መንገዱ ይህ ነው፦ የአንድ ሰው ምሳ ግብዓት (እንጀራ፣ ወጥ፣ ዘይት፣ ቅመም፣ ጨው ሳይቀር) ድምሩን አውጪ። ያንን ለ0.40 አካፍይው። ግብዓቱ ለስሌት ያህል 80 ብር ቢሆን መሸጫው 200 ብር ነው ማለት ነው። ቀሪው 120 ብር ለማሸጊያ፣ ለጋዝና ለመብራት፣ ለማድረሻ፣ ለረዳት ደመወዝ፣ ለአንቺ ደመወዝ፣ ለግብርና ለትርፍ ነው። የራስን ደመወዝ ወጪ ውስጥ አለመክተት የብዙ ጀማሪ በሽታ ነው። ንግዱ የሚያተርፍ ይመስላል፣ ሰው መቅጠር ሲመጣ ግን ለተቀጣሪው የሚከፈል አይኖርም።

የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ተረጋግቶ አይቀመጥም። ውሉ ላይ «ዋጋው በየሦስት ወሩ ይታያል» የሚል አንድ መስመር አስገቢ። ያለዚህ መስመር ሽንኩርት እጥፍ ሲሆን ወይ ከሳህኑ ትቀንሻለሽ ወይ ከኪስሽ ትከፍያለሽ፤ ደንበኛው ሁለቱንም አያውቅልሽም።

ሁለተኛው፣ ከዋጋም የሚከፋው፣ የክፍያ ቀን ነው። ቢሮ «በወር መጨረሻ እንከፍላለን» ይላል። በላይኛው ስሌት 80 ብር በ30 ሰው በ22 የሥራ ቀን 52,800 ብር ግብዓት ገንዘቡ ሳይመጣ ከኪስሽ ወጥቷል። ወሩ ካለቀ በኋላ ማረጋገጫው፣ ፊርማው፣ ቼኩ ሌላ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በየሳምንቱ ዓርብ በቴሌብር ወይም በባንክ እንዲገባ ተስማሚ። ግማሽ ወር ቅድመ ክፍያ የሚሰጥ ካገኘሽ ትንሽ ቅናሽ አድርጊለት፤ ያዋጣል። ዕቁብ የምትጥዪ ከሆነ ዕጣውን ለዕቃ መግዣ ያዢው እንጂ የዕለት ሽንኩርት መግዣ አታድርጊው።

ንጽሕና ይቅደም
ሁለት ሰዓት ስለሚቆየው። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። በመካከል ያለው የሙቀት ክልል ነው ተሕዋስያን የሚራቡበት። የሚወጋ የምግብ ቴርሞሜትር ግዢ። ወጡ ከድስት ሲወጣ፣ ሲታሸግና ሲደርስ ለኪ፤ ሦስቱን ቁጥር ከሰዓቱ ጋር ጻፊ። ደርሶ ከ60 በታች ከሆነ ማሸጊያው ወይም መጓጓዣው ነው ችግሩ።

ቴርሞሜትሩን በፈላ ውኃ አትፈትሺው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ስለሆነ። በተፈጨ በረዶና በትንሽ ውኃ ፈትሺው፣ 0 ማሳየት አለበት። በዚሁ ምክንያት ባቄላ፣ ሽምብራና ድፍን ምስር እዚህ ከቆላው ይልቅ ብዙ ሰዓት ይወስዳሉ። ማታ መዘፍዘፍና በፕሬዠር ድስት መቀቀል ጋዝሽን በግልጽ ይቀንሰዋል።

ማታ የሚሠራውን ቀይ ሥርና ድንች በትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ አትክተቺ። መሃሉ እስከ ንጋት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ከ5 ሳንቲ ያልበለጠ ጥልቀት ባላቸው ትሪዎች ዘርጊው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21፣ ከዚያ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ ይውረድ። ሎሚ ወይም አቼቶ የሚገባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

እንጀራውን ከወጡ ለይተሽ ጠቅልይ። ከሥር የተነጠፈ እንጀራ ሁለት ሰዓት ውስጥ ወጡን ጠጥቶ ይቦጨቃል። ባለ ክፍልፍል ብረት ምሳ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ለ30 ሰው 60 ያዢ፤ ግማሹ ቢሮ ሲውል ግማሹ ታጥቦ ይደርቃል። ክዳኑ ላይ ያለው ላስቲክ በየቀኑ ወጥቶ ይታጠብ። የሽሮ ሽታ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሽቦና ሶኬት
እማማ ስለ ምጣድ ያሉት ላይ ጥቂት። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይስባል። ለተራ ሶኬትና ለቀጭን ሽቦ ይከብዳል። ራሱን የቻለ መስመር፣ 4 ሚሊ ሽቦ፣ የራሱ ማቋረጫና ምድር ሽቦ ይዘርጋለት። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ፕላስቲኩ ከጠቆረ የላላ ግንኙነት አለ፤ እንጀራውም መካከሉ ሳይበስል ዳሩ የሚያርርበት አንዱ ምክንያት ኃይሉ ሲያንስና የምጣዱ ጥቅልል ሽቦ በከፊል ሲበጠስ ነው። ሁለት ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ አብረው እንዲሠሩ ካሰብሽ ወደ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ መሄድ አለብሽ።

የጋዝ ሲሊንደር ከውጭ ይቀመጥ፣ ቱቦው በክላምፕ ይታሰር፣ በየሳምንቱ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢ። አረፋው ከተነፋ ይፈሳል። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል በፍጹም።

የጉለሌዋ
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንጀራውን እገዛለሁ። ወቅቱስ? ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ይፈለጋል?

ሽሮ ፈላ
አይደለም፤ እቅዱ ከጾሙ ጋር ነው መውጣት ያለበት። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። በእነዚህ ጊዜያት ፍላጎቱ ይጨምራል። ነገር ግን በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ብዙ ስለሆነ የምሳ ሰዓቱ ይከፈላል። ግማሹ 6 ሰዓት ተኩል፣ ግማሹ 9 ሰዓት ይፈልጋል። ዝርዝሩን ከቢሮው አስቀድመሽ ካልያዝሽ የ9 ሰዓቱ ምግብ ከጠዋት ጀምሮ ቆይቶ ይበላሻል። ለእነሱ ሁለተኛ ድስት ሥሪ።

ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው። በዚያ ወቅት የጾም ምሳ ይወርዳል። በረመዳንም ሙስሊም ደንበኞች ምሳ አይበሉም። በሌላው ጊዜ ግን የጾም በያይነቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚሠሩበት ቢሮ የሥጋ ወጥ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ያስነሳል፤ የጾሙን ግን ሁሉም ባንድ ገበታ ይበላዋል። በዓለ ሃምሳ ላይ ቅቤና ሥጋ ልጨምር ካልሽ ድስቱ፣ ጭልፋውና መክተፊያው ለብቻው ይሁን። ቅቤ የነካ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ እንደገባ አንድ ሰው ካወቀ ደንበኛው አይመለስም፤ ልክም ነው።

ሒሳብ ያዥ
ወረቀቱን አትርሺ። ቢሮዎቹ ደረሰኝ ይጠይቁሻል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ ከጤና በኩል የብቃት ማረጋገጫ፣ ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ ውል ካለሽ ለምግብ ሥራ እንደሚውል በጽሑፍ ይግባበት፤ አለዚያ አከራዩ ሥራው ሲሞቅ ሊያስወጣሽ ይችላል።

ኮሌጅ አለመግባትሽም ማስረጃ አይከለክልሽም። የሙያ ብቃት ምዘናው በልምድ የተማረ ሰውንም ይመዝናል። የምግብ ዝግጅት ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። እጀ ወርቆች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፉ ነው፤ የሙቀት ቁጥሮችን፣ የመክተፊያ ቀለሞችን፣ የአቆራረጥ ስሞችን ስለማያጠኑ። ንጽሕና ይቅደም የጻፈው ለዚያም ይጠቅምሻል።

ከሎስ አንጀለስ
አሜሪካ ያላችሁ ይህን አይታችሁ ከቤት እንዳትጀምሩ። ብዙ ክፍላተ ሀገር ከቤት ለሽያጭ የሚፈቅዱት ዳቦ፣ ብስኩት፣ ማርማላታና የመሳሰለውን ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ ብቻ ነው። ወጥ አይገባም፤ ፈቃድ ያለው የጋራ ማድ ቤት በሰዓት መከራየት ነው መንገዱ። ካሊፎርኒያ ላይ በ2018 የወጣ ሕግ ቤት ውስጥ ትኩስ ምግብ ሠርቶ መሸጥ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ራሱ ሕጉን መቀበል አለበት። ሪቨርሳይድ ቀዳሚው ነበር፣ ሎስ አንጀለስ በ2024 ገባ። በቀን ከ30 ምግብ፣ በሳምንት ከ90 አይበልጥም። በላይ የተሰጠው የ30 ሰው ስሌት ለሦስት ቀን ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ሦስቱን ቀን ምረጡ፤ ለጾም ምግብ ረቡዕና ዓርብ የግድ ይግቡ።

የጉለሌዋ
የተረፈውንስ? 30 አዘው 24 ሰው ቢገኝ?

ባለሚዛኑ
አዝዞ እስከ ዋዜማው ማታ 11 ሰዓት ያልሰረዘ ይከፍላል ብለሽ ውል ላይ አስፍሪ። ድርጅቱ ራሱ ስም ዝርዝር ይይዛል፣ ከዚያ ወዲህ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ነው። ሄዶ የተመለሰ ወጥ ለነገ አይሞቅም፤ ይጣላል። ከቤት ያልወጣና ከ60 ዲግሪ ያልወረደው በዚያው ቀን ለሠራተኛ ይሁን። ደብተርሽ ላይ «የተመለሰ» የሚል አንድ ዓምድ ይኑርና በግራም ጻፊ። ጎመኑ በተከታታይ የሚመለስ ከሆነ ከ60 ወደ 40 ግራም አውርጂውና የተረፈውን ለምስሩ ጨምሪ።

እማማ ምጣድ
ክረምት ሲገባ ደግሞ፣ ጋጋሪዋ ሊጡን አንድ ቀን አስቀድማ መጀመር አለባት፤ በብርድ ሦስት ቀን ይፈጃል። ከሰኔ በፊት ንገሪያት። ሰኞ የሚመጣው እንጀራ ዓርብ የተቦካ ነው፤ እሑድ ማታ ደውለሽ መድረሱን ጠይቂ፣ ካልደረሰ ሌላ ጋጋሪ ለመፈለግ ሌሊቱ ይበቃሻል።